እንደ አገሬው ለመኖር

ፈተና ሲቃረብ በመኝታ ቤታችን የሚሰማው ወሬ ሁለት ነው፤ አንዱ የፈተናው፣ ሁለተኛው የአውሮፓ። በኤራስመስ የልውውጥ ዕድል ለአንድ መንፈቅ የሚሄድ አለ፤ እኅቱ ፍራንክፈርት ሆና የጥሪ ደብዳቤ የላከችለት አለ፤ ምንም ሳይኖረው ካርታ ዘርግቶ ከሊዝበን እስከ ክራኮው በጣቱ የሚጓዝም አለ። እኔ ሁሉንም ደግ ነው እላለሁ። ወጣት ሆኖ ዓለምን ለማየት የማይመኝ ሰው ስለ ምን እንደሚማር አይገባኝም። ይሁን እንጂ ከሁሉም አፍ የማይጠፋ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «እኔ እንደ ቱሪስት ሳይሆን እንደ አገሬው ነው የምኖረው» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ሳይመረምረው ስለሚናገረው፣ እስቲ ዛሬ እንመርምረው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ቀድሞ ነገሩ ግልጽ ነበር። አገር ጎብኚ ማለት ባንዲራ የያዘ መሪ እየተከተለ፣ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ፣ በአምስት ቀን ሰባት ከተማ አይቶ የሚመለስ ሰው ነበር። ከዚህ ሰው ለመለየት መፈለግ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ይህ ፍላጎት ብዙ ሳይቆይ ሸቀጥ ሆነ። በ2008 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተቋቋመው ኤርቢኤንቢ የተባለው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው እንግዳን በአየር በሚነፋ ፍራሽ ላይ በማስተኛት ነበር። በ2016 ግን ማስታወቂያው ሰዎች ወደ አንድ ከተማ ሄደው እንዲመለሱ ሳይሆን እዚያው እንዲኖሩ የሚጋብዝ ሆነ። ቃሉ ጆሮ ይስባል። ዛሬ «እንደ አገሬው መኖር» ማለት በአሮጌው ሰፈር አንድ አፓርታማ ለሦስት ሌሊት ተከራይቶ፣ ቁልፉን በር ላይ ከተንጠለጠለች ሣጥን በምስጢር ቁጥር አውጥቶ፣ ጠዋት በረንዳው ላይ ቡና ይዞ ፎቶግራፍ መነሣት ሆኗል። ባለቤቱን አላዩትም፤ ጎረቤቱም እንደነርሱ የሦስት ሌሊት እንግዳ ነው። ታዲያ አገሬው የት አለ?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ቬኒስን እንውሰድ። በውሃ ላይ የተሠራው አሮጌው ከተማ በ1951 ወደ 175,000 የሚጠጋ ነዋሪ ነበረው። በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። ከሪያልቶ ድልድይ አጠገብ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ከ2008 ጀምሮ የነዋሪውን ቁጥር በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ጽፎ በመስኮቱ ያሳያል፤ መንገደኛው እንደ ሰዓት ቀና ብሎ ያየዋል፤ ልዩነቱ ይህ ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጥር መሆኑ ነው። በ2023 ደግሞ ነገሩን የሚከታተሉ የከተማይቱ ልጆች ቆጥረው፣ ለእንግዳ የተዘጋጀው አልጋ ከነዋሪው ሕዝብ መብለጡን አስታወቁ። እርግጥ ሕዝቡን ያስወጣው እንግዳ ብቻ አይደለም። የ1966ቱ ታላቅ ጎርፍ አለ፤ በየብሱ በኩል ያለው የፋብሪካ ሥራና አዲስ ቤት አለ። ግን ሰው ሲወጣ ባዶ የቀረው ቤት ለሌላ ቤተ ሰብ አልተከራየም፤ ለሌሊት ተከራየ። ዳቦ ቤቱና የአትክልት መደብሩ የጭምብልና የመስታወት ጌጥ መሸጫ ሆነ፤ ዳቦ ቤት የሌለበት ሰፈር ደግሞ የቀረውንም ነዋሪ ያባርራል።

ከተማይቱ በ2024 ለቀን ጎብኚ የ5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች። እንደ እኔ አስተያየት ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰው ይከፍላል፤ የነዋሪውን መኝታ ይዞ የሚያድረው ግን ከዚህ ክፍያ ነጻ ነው።

የወጣው ሕዝብ የት ገባ? አብዛኛው ድልድዩን ተሻግሮ ሜስትሬ በምትባለው የየብስ ከተማ ይኖራል። ማለዳ በትራምና በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ደሴቱ ይገባል፤ ያበስላል፣ አንሶላ ይቀይራል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ይሸጣል፤ ማታ ይመለሳል። ከመካከሉ ከባንግላዴሽ መጥተው እዚያ ቤት የሠሩ፣ ልጅ የወለዱ ብዙ አሉ። እንግዲህ የቬኒስን ሰው ኑሮ መኖር የሚሻ ተማሪ ቢኖር ከማለዳው ትራም ይሳፈር። በረንዳው ላይ ያለው የቬኒስ ሰው አይደለም።

ነገሩን ወደ ራሳችን ልመልሰው። ያ እኅቱ ፍራንክፈርት ያለችለት ጓደኛችን በእርስዋ ቤት ማደሩን እንደ ውርደት ቆጥሮ፣ «ዘመድ ቤት ሆኖ አውሮፓን ማየት አይቻልም» ሲል ሰምቻለሁ። ለምን? እኅቱ ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥታ የመጀመሪያውን ባቡር ትይዛለች። ግብር ትከፍላለች፤ ልጆችዋን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ የሐኪም ቀጠሮ ለማግኘት ስልክ ይዛ ትጠብቃለች፤ ቅዳሜ ዕቃ የት እንደሚረክስ ታውቃለች። አገሬ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ጓደኛችን ግን አገሬ ሲል በልቡ የሚያስበው ወርቃማ ጠጉር ያለውንና ካፌ በራፍ ላይ ጋዜጣ የሚያነበውን ሰው ነው። ያ ሰው አንድ ቀን ዕረፍት አግኝቶ እንደሆነስ ማን ያውቃል? በማግሥቱ እርሱም ሥራ ይገባል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የአገሬው ኑሮ በአብዛኛው ግዴታ ነው። የምናደንቅለት ቡናው፣ ወይኑ፣ የእሑድ ገበያው በግዴታዎቹ መካከል የሚያገኛት ትንፋሽ ናት። ትንፋሹን ወስዶ ግዴታውን የተወ ሰው እንደ አገሬው ኖርሁ ሊል አይገባውም፤ መኝታውንም ጨምሮ ከወሰደ ደግሞ ነገሩ ከስያሜ ስሕተት ያልፋል።

የሚወሰደው መኝታ የማን እንደሆነ ማሰብ ለኛ ለተማሪዎች በተለይ የተገባ ነው። በ2023 በሜይ ወር አንዲት የሚላኖ ፖሊቴክኒክ ተማሪ የክፍል ኪራይ መወደድን በመቃወም በትምህርት ቤቷ ፊት ድንኳን ተክላ አደረች። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ድንኳኑ ሮማ፣ ፍሎረንስና ቦሎኛ ታየ። ተማሪዎቹ የከሰሱት ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት የተማሪ ማደሪያ አለመሥራቱ ዋናው ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ አንዱን ክፍል ለአንድ ተማሪ ለዓመት ከሚያከራይ ለጎብኚ በሌሊት ቢያከራይ የበለጠ እንደሚያተርፍ የማያውቅ አልነበረም። እኛ ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን የምንከራየው «ርካሽ» አፓርታማ እንግዲህ የማን ክፍል እንደነበረ መገመት አያስቸግርም።

ይህ ለተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ግድም ሕግ ሊማሩ ከአልፕስ ተራራ ማዶ ወደ ቦሎኛ የመጡ ወጣቶች ለከተማው ሕግ ባዕዳን ነበሩ፤ የከተማው ተወላጅ የነበረው መብት አልነበራቸውም። ስለዚህ ማኅበር አቋቋሙ። ዩኒቨርሲታስ የሚለው የላቲን ቃል ትርጉሙ ይኸው ማኅበር ነው እንጂ ሕንፃ ማለት አይደለም። የቤት ኪራዩንም ከተማሪዎቹና ከከተማው ሰዎች የተመረጡ ገማቾች አብረው ተቀምጠው እንዲወስኑት አስደረጉ። ከዚያም ቀደም ብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በ12ኛው መቶ ዓመት፣ ለትምህርት የሚጓዝ ሰው በአገሩ ልጆች ዕዳ እንዳይያዝ የሚጠብቅ ዐዋጅ አውጥቶ ነበር። (የማኅበራችን ሹማምንት ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቧት አልጠላም።)

ከተሞቹም ዝም አላሉም። አምስተርዳም በ2019 አንድ ሰው መኖሪያ ቤቱን በዓመት ከ30 ሌሊት በላይ ለጎብኚ እንዳያከራይ ወሰነች። የባርሴሎና ከንቲባ ዣውማ ኮልቦኒ ደግሞ በ2024 የከተማይቱን 10,101 የጎብኚ አፓርታማ ፈቃዶች እስከ 2028 መጨረሻ ድረስ እንደማያድሱ አስታወቁ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው ተቆጣ። «እኛ ለቪዛ ስንት ወር እየተጉላላን፣ ከመቶ ጎብኚ አንድ የማንሆን ሰዎች፣ አሁን ደግሞ በእንግድነታችን ልትከሰን ነውን? ጥፋቱ የሕግ አውጪውና የባለቤቱ አይደለምን?» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 በአፕሪል ወር ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መመርመሪያውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አሳድጎታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወስኗል። በዚያው ዓመት የማመልከቻው ዋጋ 90 ዩሮ ደረሰ። የኛ ቁጥር በሚሊዮኖቹ መካከል ጠብታ መሆኑንም አልክድም። ግን ወዳጄ ክርክሩን እስከ መጨረሻው አላደረሰውም። ይህን ያህል ደጅ ጠንቶ፣ የአባቱን የባንክ ወረቀት አቅርቦ፣ አሥራ አምስት ቀን ያገኘ ሰው፣ ያቺን አሥራ አምስት ቀን የሰው ድምፅ በማይሰማበት ሣጥን ውስጥ ቢያሳልፋት የተጎዳው ማን ነው?

ደግሞም በግልጽ እንነጋገር። እንደ አገሬው ተመሳስሎ መዋል የሚባለው ለኛ የተሰፋ ልብስ አይደለም። በአውሮፓ ጎዳና ላይ እኛን አገሬ መስሎት የሚሳሳት ሰው ጥቂት ነው፤ እዚያው የተወለዱት የወገኖቻችን ልጆች እንኳ «ከየት ነህ?» መባል አልቀረላቸውም። ጀርመን በ2024 በየብስ ድንበሮችዋ ሁሉ ቁጥጥር ከጀመረች ወዲህ በባቡር ውስጥ ወረቀት ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ የሄደ ያውቃል። ለኛ የሚቀርበው መንገድ ሌላ ነው፤ ይኸውም ደህና እንግዳ መሆን። በአገራችን እንግዳ የተናቀ ስም አይደለም። መሽቶበት «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራ መንገደኛ ውሃ ለእግሩ ይቀርብለታል፤ እርሱ ደግሞ የቤቱን ሥርዓት ያከብራል፤ የተሰጠውን ይበላል፤ ከባለቤቱ መደብ ላይ አይወጣም።

ሥርዓቱን ማክበር ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በሽቱትጋርት አካባቢ አንድ መንፈቅ ስማር የኖርሁበት አሮጌ ቤት ስምንት በር ነበረው። በዚያ አገር በየሳምንቱ ከአንዱ በር ወደ ሌላው የምትዞር ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ኬርቮኸ ይሏታል፣ የመጥረጊያ ሳምንት ማለት ነው። ሰሌዳይቱን በርህ ላይ ተንጠልጥላ ካገኘሃት ደረጃውን መጥረግና መወልወል ያንተ ነው፤ ተራው የውጪው ከሆነ ደጃፉንና የእግረኛውን መንገድ ማጽዳት ይጨመራል፤ በብርዱ ወራት በረዶውን መዛቅም አለ። ሐኪም ነኝ፣ ተማሪ ነኝ፣ እንግዳ ነኝ ማለት አይሠራም። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ነበር የሚመልሱልኝ። ደረጃውን ስወለውል ቆመው አዩኝና፣ ውሃው እንደበዛ፣ እንጨቱን እንደሚያበላሸው፣ ጨርቁም እንዴት እንደሚጨመቅ አሳዩኝ። ቃላቸው ቁጣ ነበረበት። ግን ለጎረቤት የሚሰጥ ቁጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር ስለ ባላቸው፣ ስለ ጡረታቸው፣ በልጅነታቸው ከተማው በቦምብ ፈርሶ ስላዩት ነገር ያወሩኝ ነበር፤ ጀርመንኛዬም ከክፍሉ ይልቅ በዚያ ደረጃ ላይ ተሻሻለ።

ሌላውም ሥርዓት እንዲሁ ነው። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ አስቤዛውን ያልገዛ ሰው ባቡር ጣቢያ ሄዶ በውድ ይገዛል። ባዶ ጠርሙስ ነጩ ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ ይጣላል፤ ድምፁ ሰው ስለሚረብሽ እሑድ አይጣልም። የፕላስቲክ ጠርሙስና የቆርቆሮ መጠጥ 25 ሳንቲም መያዣ ስላለው ወደ ሱቁ ይመለሳል። ለመመለስ የታከተው ሰው ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ አይከተውም፤ ከጎኑ ያቆመዋል፤ ለቃሚው እጁን ቆሻሻ ውስጥ ሳያስገባ እንዲያገኘው ነው። ጠርሙስ የሚለቅሙት እንደኛ ቆራሌው እየጮኹ አይመጡም፤ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዝም ብለው ያልፋሉ። ይህን ያየ ሰው ስለ አውሮፓ ሀብትና ስለ ጡረታው ትንሽነት ከመጽሐፍ የማያገኘውን ተማረ ማለት ነው።

ጣሊያን አገር ደግሞ ቡና ባንኮ ላይ ቆሞ በሁለት ጉንጭ ይጠጣል፤ ተቀምጦ የሚጠጣ በብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምርበታል። እኛ ማኪያቶውን ከነርሱ ወስደን ወንበርና የግማሽ ቀን ጨዋታ ጨመርንበት። የትኛው እንደሚሻል አልከራከርም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ላደገ ሰው የጣሊያኑ ችኮላ የጸበኛ ይመስላል። ግን ቆመህ ጠጥተህ ጽዋህን መልሰህ ስትወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ሻጩ ሳትናገር ያቀርብልሃል። ይህን በገንዘብ መግዛት አይቻልም፤ በመመላለስ ብቻ ይገኛል። ለዚህ ነው በአሥራ አምስት ቀን አምስት አገር ከማየት አንድ መካከለኛ ከተማ ይዞ መቀመጥ ይሻላል የምለው። አይፍል ማማን ማየት የፈለገ ይሂድና ይይ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የፓሪስ ኑሮ ነው ብሎ እንዳይነግረን ብቻ ነው።

ሥራ ይዞ መጓዝም አለ። በጀርመን አገር ሰፊ ጥቁር ሱሪና ባርኔጣ ያደረጉ ወጣት አናጺዎች ዛሬም በመንገድ ይታያሉ። ሙያቸውን ከጨረሱ በኋላ ሦስት ዓመት ከአንድ ቀን ይዞራሉ፤ ከቤታቸው 50 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ አይደርሱም፤ በደረሱበት ሠርተው ይበላሉ፣ ያድራሉ። ሳያቸው የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ። ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ ለቅኔና ለዜማ የሚሄደው ልጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከሰው ደጅ ይበላል፤ ጎጆውን ግን ራሱ ይቀልሳል። የማንንም ቤት አልወሰደም፤ አገሩን ግን ከመኳንንቱ ይልቅ ያውቀዋል። ሪካርድ ሺርማን የተባለው ጀርመናዊ አስተማሪም በ1909 ከተማሪዎቹ ጋር በእግር ሲጓዝ ዝናብ አግኝቶት ባዶ ትምህርት ቤት ውስጥ ካደረ በኋላ ነው የወጣቶች ማደሪያን ሐሳብ ያመጣው። በነዚያ ማደሪያዎች በቀድሞው ዘመን እንግዳው ጠርጎ፣ ድንች ልጦ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ያ ቀርቷል፤ ሆኖም ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ ቤት ነውና የማንም ቤተ ሰብ ስላልተነሣለት ከአፓርታማው እርሱን እመርጣለሁ።

ለሚሄዱት ጥቂት ልጨምር። ለአንድና ለሁለት ወር የሚቆይ ሰው ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ ክፍሉን በኪራይ ሲያስተላልፍ ይፈልግ፤ የጀርመን ተማሪዎች ይህን ያዘወትራሉ፤ ባለ ክፍሉ ሲመለስ ክፍሉ ይጠብቀዋል። በዚያው አገር በ2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ በ2026 63 ዩሮ የደረሰ የወር ቲኬት አለ፤ ለፈጣኑ ባቡር አይሆንም፤ በቀርፋፋው ባቡር፣ በአውቶቡስና በትራም ግን አገሩን ሁሉ ያዞራል። ቀርፋፋው ባቡር በየጣቢያው ይቆማል፤ ተማሪው፣ ገበሬው፣ ነርሷ የሚሳፈሩት እርሱ ላይ ነው። በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መንቀሳቀስ ይችላል፤ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ግን ከኪሱ አይለይ።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከውጭ የሚመለሱ ጓደኞቻችን ፎቶግራፋቸውን ያሳዩናል፤ ስለ ኑሮው የሚጽፉልን ግን የለም። በማኅበሩ ቢሮ አንድ መዝገብ ይከፈት። የሄደ ሁሉ ስለ ነበረበት ከተማ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ የተማሪ ምግብ አዳራሹ የት እንደሆነ፣ ቆሻሻ እንዴት እንደሚለይ፣ በየትኛው ሰዓት ጎረቤት እንደማይረበሽ፣ ለኛ ሰው ክፍል የሚያከራይ እንዳለና እንደሌለ፣ በድንበር ምን እንደሚጠየቅ። የሽቱትጋርቱን ገጽ ለመጻፍ እኔ ዝግጁ ነኝ፤ በሚመጣው መንፈቅ የሚሄዱት ጥያቄያቸውን ጽፈው ለአዘጋጁ ይስጡልኝ።